ውሃው ሳይወስደው ይህን በድን እንድለይ እርዱኝ

ጠያቂ፦ ውድ አባላት፣ ማዕበሉ ዛሬ ማለዳ አሸዋው ላይ የተፋውን ግዙፍ በድን የሚያውቅ ካለ በአስቸኳይ ይንገረኝ፤ ውሃው መልሶ ሲሞላ ሊወስደው ይችላል። አንገቱ ረጅም፣ ራሱ ትንሽ ነው፤ ጀርባው ላይም ነጣ ያለ ፀጉር አለው። እንዲህ ያለ አንገት ያለው ዛሬ ስለሌለ ከጥንት ዘመን የተረፈ እንስሳ መሆን አለበት። በእጄ ያለው ስልክና ቢላ ብቻ ነው።

ሳቂታው፦ ፀጉር ካለው አስቀድመው ፀጉር አስተካካይ ይጥሩለት። ከዚያ በፊት ግን ርዝመቱ የታወቀ ነገር አጠገቡ አስቀምጠው ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱት።

መምህር፦ ጉዳዩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1896 በፍሎሪዳ ሴንት ኦገስቲን ዳርቻ የተገኘው አጥንት የለሽ ክምር ለብዙ ዘመን የግዙፍ ኦክቶፐስ አካል ነው ሲባል ኖሯል፤ በ2003 በቺሊ የተገኘውም እንዲሁ ተገምቶ ነበር። በ2004 የታተመ ጥናት ግን ሁለቱም የዓሣ ነባሪ ቅሪት መሆናቸውን አሳየ፤ የቺሊው በዲኤንኤ ምርመራ ስፐርም ዌል የተባለው የዓሣ ነባሪ ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። አጥንቱ ተለይቶ ሲሰምጥ ከቆዳ ሥር ያለው ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ጠንካራ ድር ተንሳፍፎ ይቀራል።

ባሕረኛ፦ ክቡር መምህር፣ ጠያቂው የነገሩን አንገት ስላለው በድን ነው። ጠያቂ ሆይ፣ መነሻዎ ራሱ አያሳምነኝም፤ ያዩት አንገት በሕይወት ሳለ አንገት አልነበረም። ባስኪንግ ሻርክ የተባለው ግዙፍ ሻርክ ሲበሰብስ የታች መንጋጋውና ትልልቅ የመተንፈሻ ስንጥቦቹ ቀድመው ይወድቃሉ፤ የሚቀረው ትንሽ የራስ ቅልና አከርካሪ ነው። ፀጉር ያሉትም የተበጣጠሱ የክንፍ ክሮች ናቸው። በ1977 ዙይዮ ማሩ የተባለች የጃፓን መርከብ በኒውዚላንድ አቅራቢያ በመረቧ ያወጣችው በድን ብዙዎችን እንደ እርስዎ አሳስቶ ነበር፤ ከክንፉ የተወሰዱት ክሮች ሲመረመሩ ግን ከዚሁ ሻርክ ጋር ተመሳሰሉ።

ጠያቂ፦ ክሮቹ ከክንፍ ብቻ አይደሉም፤ ጎኑ ላይም አሉ። ሆዱን ቆርጬ ልየው?

መርማሪ፦ ሆዱን በፍጹም አይንኩ። በ2004 በታይዋን ታይናን ከተማ በመኪና ይጓጓዝ የነበረ ዓሣ ነባሪ ውስጡ በታመቀ ጋዝ ከተማ መሐል ፈንድቷል። ይልቅስ አጥንት የወጣበትን ቦታ ይፈልጉ፤ እንደ ጆሮ ጫፍ የሚለመጥ ከሆነ የሻርክ ልም አጥንት ነው፤ ደረቅና ባለ ቀዳዳ ከሆነ የዓሣ ነባሪ ነው። ጅራቱ ከቀረም ይመልከቱ፤ የዓሣ ነባሪ በአግድም፣ የሻርክ ግን በቁም የተዘረጋ ነው። ጓንት አድርገው ከጫፉ ትንሽ ሥጋ ወስደው በንጹሕ አልኮል ያስቀምጡ፤ ፎርማሊን የተባለው በድን ማቆያ ኬሚካል ዲኤንኤውን ስለሚጎዳ አይጠቀሙ። ለአካባቢው የባሕር እንስሳት ባለሥልጣንም ያሳውቁ፤ በብዙ አገሮች የዓሣ ነባሪን ቅሪት ያለ ፈቃድ መውሰድ በሕግ የተከለከለ ነው።

አዲስ አባል፦ ጓንቱንና አልኮሉን ከየት ያመጣል? ቢላና ስልክ ብቻ ነው ያለኝ ብሏል። ፎቶውን ያንሳ፣ አጠገቡም ርዝመቱ የታወቀ ነገር ያስቀምጥ።

ሳቂታው፦ እኔ ያልኩትን ደገሙት።

ባሕረኛ፦ ጠያቂ ሆይ፣ ርዝመቱን እስካሁን አልነገሩንም። አከርካሪው እንዴት ነው፤ ሲያነሱት ቀላል፣ ክብ፣ ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ መስመር ያለው ነው?