ታንኳ መቅዘፍ ስፖርት ነው ወይስ ሥራ ብቻ?

የዘጌዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ስምንተኛ ክፍል ነው። መምህሩ «ከቤተሰባችሁ ስፖርት ስለሚሠራ ሰው ጻፉ» አላቸው። እሱም ስለ አባታችን ጻፈ። አባቴ ከዘጌ ባህር ዳር ማገዶ በታንኳ እያመላለሰ ነው ያሳደገን። ወረቀቱ «ይህ ሥራ እንጂ ስፖርት አይደለም» የሚል በቀይ ተጽፎበት ተመለሰ። ልጁ አላለቀሰም። አጣጥፎ ኪሱ ከተተውና ራት አልበላም አለ።

ትንሽ ሳለሁ ጥቂት ጊዜ አብሬው ሄጃለሁ። የምንነሳው ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ጣና ጠዋት ዝም ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉም ይመጣል። ስለዚህ ቀድሞ መድረስ ግድ ነው። አባቴ መቅዘፊያውን መሐሉ ላይ ይዞ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይላል። እንዲህ እያለ ሰዓታት ያልፋሉ። ሳናግረው አይመልስልኝም ነበር። የተቆጣኝ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ትንፋሹን ከቅዝፊያው ጋር አስማምቶ ነው የሚሄደው። ከተናገረ ምቱ ይሰበርበታል።

ደግሞ ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል። ታንኳው ዳር ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው እየከበደ ይሄዳል። መንገዱ ያው ነው፣ ሰውየው ያው ነው፣ ጉልበቱ ግን በእጥፍ ይፈለጋል።

እኔ ስፖርት ነው እላለሁ። እናንተስ?

ሽምብጥ ሰፈር፦
እህቴ፣ አባትሽን ከልቤ አከብራለሁ። ግን በዚህ ከሄድን ሲሚንቶ ተሸካሚውም ስፖርተኛ ሊባል ነው። ስፖርት ሕግ አለው። መነሻና መድረሻ አለው። አሸናፊና ተሸናፊ አለው። ባህር ዳር ከነማ ሲጫወት ሁለቱም ቡድኖች ስንት ደቂቃ እንደሚጫወቱ ያውቃሉ። ድካም ብቻውን ስፖርት አይሆንም። መምህሩ ልጁን በቀይ ማሸማቀቅ አልነበረበትም፤ ነገሩ ግን ልክ ነው።

ስፖርት የተማርኩ፦
ሕግና ውድድር ያስፈልጋል ያልከው ያስማማኛል። ድካም መለኪያ ከሆነማ ገበጣ ቁጭ ተብሎ የሚጫወቱት ነው፤ በባህል ስፖርቶች ውድድር ላይ ግን አለ። መምህሩ ግን የጻፈው «ውድድር የለውም» ብሎ አይደለም። «ሥራ ነው» ብሎ ነው። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

የቀዘፋ ስፖርት ራሱ ከሥራ ነው የወጣው። ለንደን ውስጥ በቴምዝ ወንዝ ሰው እያሻገሩ የሚተዳደሩ ወጣት ቀዛፊዎች እ.ኤ.አ. ከ1715 ጀምሮ የሚሽቀዳደሙበት ውድድር አላቸው። በኋላ ባለጸጎቹ ጨዋታውን ወደዱት። ሄንሊ የሚባለው ትልቅ ውድድር በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው እንዳይገባ ደንብ አወጣ። ክልከላው የተነሳው በ1937 ነው። አሜሪካዊው ቀዛፊ ጆን ኬሊ ግንበኛ ነበር። በ1920 ሄንሊ አልቀበልም አለው። በዚያው ዓመት አንትወርፕ ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ ወሰደ፤ በፍጻሜው የቀደመውም እንግሊዛዊውን ነው። «ሥራ እንጂ ስፖርት አይደለም» የሚለውን ስሰማ ኬሊ ነው ትዝ የሚለኝ።

የዘጌዋ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። በኦሎምፒክ አንዱ የቀዘፋ ዓይነት ጀርባን ለመድረሻው ሰጥቶ ነው። ካያክ ግን ፊት ለፊት እያዩ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ነው። ከ1936 ጀምሮ በኦሎምፒክ አለ። የአባትሽን አቀዛዘፍ ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ወራሚት፦
እኔ ራሴ ቀዛፊ ነኝ፤ ጽሑፉን የሚጽፍልኝ ልጄ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እንጨት ጭኜ ስሄድ ስፖርት ነው እንዲሉኝ አልፈልግም። አንድ ቀን ነፋስ መሐል ላይ አገኘኝ። ታንኳው መንጋደድ ሲጀምር ሦስት ቀን የለቀምኩትን እንጨት በእጄ ወደ ውሃ ወረወርኩት። ነፍሴን ይዤ ወጣሁ። ልጆቼ ያን ሳምንት እንዴት እንደከረሙ እኔ ነኝ የማውቀው። ስፖርተኛ ሲደክመው ያርፋል። እኔ የት ላይ ልረፍ?

ሸጠን በነጋታው ስንመለስ ግን ሌላ ነው። ታንኳው ባዶ ነው፣ ውሃው ጠዋት ነው። ሁለት ሦስት ሆነን እንሽቀዳደማለን። የተቀደመ ቡና ያፈላል። ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አይከፍለንም። እሱን ስፖርት በሉት፤ ደስ ይለኛል።

የዘጌዋ፦
አያ ወራሚት፣ እግዜር ይስጥልኝ። መልስዎን ለአባቴ በስልክ አነበብኩለት። መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ «እንጨቱን ወረወረው?» ብሎ ጠየቀኝና «ደግ አደረገ» አለ።

ከዚያ ስለ መልሱ መንገድ ጠየቅሁት። ይህን ሁሉ ዘመን አልነገረንም! እነሱም ይሽቀዳደሙ ነበር። ሽምብጥ ሰፈር፣ ሕግ ላልከው ይኸውልህ። መነሻው ባህር ዳር ዳርቻው ነው፤ ሁሉም ታንኳው ላይ ተቀምጦ ሳይጨርስ ማንም አይነሳም። መድረሻው የክብራን ገብርኤል ደሴት ትይዩ ነው። ቀድሞ የደረሰ መቅዘፊያውን ወደ ላይ ያነሳል። ዕቃ የጫነ ሰው አይገጠምም። አዲስ ታንኳ ያለውም ውሃ የጠጣ ታንኳ ያለውን ትንሽ ያስቀድመዋል። ይህን የመጨረሻውን ሲነግረኝ ድምፁ ተለወጠ፤ የሃያ ዓመት ልጅ መሰለኝ።

ወንድሜ አጠገቤ ሆኖ ሁሉንም ጽፏል። የመጀመሪያውን ወረቀት አልቀደደውም። አዲሱን ከሥሩ አያይዞ ሰኞ ለመምህሩ ይሰጠዋል።