ከባሕር አልጌ የሚወጣ የቁስል ሕክምና፦ ሆስፒታሎቻችን ይግዙት?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የወሎ ሆስፒታሎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች የተመረዘ ቁስልን ለማከም ከባሕር አልጌ የተዘጋጁ ውጤቶችን መግዣ በጀት ሊይዙ ይገባል ወይ?

የደሴዋ ነርስ፦ ሊይዙ ይገባል። የስኳር ሕመም እግራቸውን ያቆሰላቸው ሰዎች ወደ እኛ የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ቁስሉ መሽተት ከጀመረ በኋላ ነው። በተራ ጎዝ የሸፈንነው ቁስል ሲደርቅ ጎዙ ይጣበቅና ስናነሣው አዲስ የበቀለውን ሥጋ ገንጥሎ ይወጣል፤ ሕመምተኛው በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚቀረውም ይህን ሥቃይ ፈርቶ ነው። ከቡናማ የባሕር አልጌ የሚሠራው የካልሲየም አልጂኔት መሸፈኛ ግን ካልሲየሙን ለቁስሉ ፈሳሽ ሰጥቶ በምትኩ ሶዲየም ስለሚቀበል ዝልግልግ ይሆናል፤ መግሉን መጥጦ ይይዛል፣ በሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውኃ) ሲታጠብም በቀላሉ ይለቃል። ለደረቅ ቁስል አይሆንም፤ ለሚያዠው ግን እንዲህ ያለ መሸፈኛ ያስፈልገናል።

የወልድያው የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ እኅቴ ስለ ጎዙ ያሉት እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ አልጂኔት ፈሳሽ ይይዛል እንጂ በራሱ ባክቴሪያ አይገድልም። በስኳር ሕመም የቆሰለን እግር ከሌሎች መሸፈኛዎች ቀድሞ እንደሚያድንም የንጽጽር ጥናቶች አላረጋገጡም። ባክቴሪያ ይገድላሉ የሚባሉት ከአልጌ የሚጣሩት ፉኮይዳንና ፍሎሮታኒን ናቸው፤ እነዚህም በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ሜቲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የተላመደውን ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ሲያዳክሙ ታይተዋል። ነገር ግን ኮምጣጤም ሳህን ላይ ባክቴሪያ ይገድላል። ቁስል ውስጥ መግል፣ ደም፣ የሞተ ሥጋና ባክቴሪያዎቹ ተሸፍነው የሚኖሩበት ባዮፊልም አለ፤ በዚያ ላይ የአልጌው ይዘት እንደ ተለቀመበት ወቅትና ባሕር ስለሚለያይ አንዱ ብልቃጥ ከሌላው እኩል ለመሆኑ ዋስትና የለም። ሜቲሲሊን እ.ኤ.አ. በ1959 በሥራ ላይ ውሎ እ.ኤ.አ. በ1961 የተላመደው ባክቴሪያ ሪፖርት መደረጉን ላስታውስ፤ ባክቴሪያውን ሳይለዩ መድኃኒት መጨመር ወደዚያው ይመልሰናል። በጀቱ ለካልቸር ምርመራ፣ ማለትም ከቁስሉ የተወሰደውን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ አሳድጎ ለመለየት፣ ይዋል።

የሐይቁ መምህር፦ የባሕር በር ለሌላት አገር በውጭ ምንዛሪ ከመግዛት፣ በሐይቃችን ዳር የሚታየውን አረንጓዴ አልጌ መሞከር አይቻልምን?

የወልድያው ባለሙያ፦ መምህር፣ ይህ አሳብ ወደ ሰው ጆሮ እንዳይደርስ አደራ። የተወራላቸው የባሕር ዝርያዎች በጨው ውኃ የሚበቅሉ ናቸው፤ በጨው አልባ ሐይቅ ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም የሚንሳፈፈው ብዙ ጊዜ ሳይኖባክቴሪያ የተባለ፣ አልጌ የሚመስል ባክቴሪያ ነው፤ አንዳንዱም ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። በተከፈተ ቁስል ላይ ሊደረግ አይገባም።

የኮምቦልቻው ፋርማሲስት፦ እኔ ተስፋ የማደርገው በሌላ መንገድ ነው። ዴሊሲያ ፑልክራ የተባለችው የአውስትራሊያ ቀይ አልጌ ባክቴሪያ እንዳይሰፍርባት የምታመነጫቸው ፉራኖኖች ባክቴሪያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ኬሚካላዊ መልእክት ያውካሉ። ያልተገደለ ባክቴሪያ ለመላመድ የሚገደድበት ምክንያት ያነሰ ነው። ሆኖም እነዚህ ፉራኖኖች ለሰው ሕዋስም መርዛማ ሆነው ስለተገኙ እንዳሉ ለሕክምና አልዋሉም፤ ለሰው የማይጎዳ ዓይነት እስኪገኝ ድረስ በየመድኃኒት ቤቱ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠውን አንቲባዮቲክ ማስቆም በእጃችን ነው፤ እኛ ፋርማሲስቶች ደግሞ ቀዳሚ ተጠያቂዎች ነን።

የደሴዋ ነርስ፦ እስማማለሁ፤ ግን የካልቸር ውጤት እስኪመጣ ቀናት ያልፋሉ። በእነዚያ ቀናት የሚያዠው ቁስል በምን ይሸፈን?

የወልድያው ባለሙያ፦ በአልጂኔቱ ይሸፈን፤ ለመሸፈኛነት መግዛቱን አልቃወምም። ሐኪሙ ያዘዘው ፀረ ባክቴሪያ ግን በእርሱ ምክንያት አይቋረጥ። ናሙናም ከመሸፈኑ በፊት፣ ቁስሉ ታጥቦ የሞተው ሥጋ ከተነሣ በኋላ፣ ከላይ ካለው መግል ሳይሆን ከታችኛው ሥጋ ይወሰድልን።