የጎንደር ዝናብ ከጣና ነው ከሩቅ? በአይሶቶፕ ይለያል?

የአዘዞዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ደምቢያ ያሉት አጎቴ «የክረምቱ ዝናብ ከጣና ነው የሚነሳው» ብለው ድርቅ ይላሉ። እኔ ደግሞ ተማሪዎቼን ከአትላንቲክና ከህንድ ውቅያኖስ ነው የሚመጣው እላቸዋለሁ። ውሃው ራሱ መነሻውን ያሳያል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? አንድ ጠርሙስ ብይዝ ይበቃል?

ጎርጎራ፦ እህቴ፣ መነሻውን ያሳያል፤ አንድ ጠርሙስ ግን አይበቃም። ለመመረቂያ ጽሑፌ ጣና ዳር ናሙና እሰበስብ ስለነበር ነገሩን በደንብ አውቀዋለሁ።

ከ500 የኦክስጅን አቶሞች አንዱ ገደማ ከባዱ ኦክስጅን 18 ነው። ከባድ ሃይድሮጅንም አለ፣ ዲዩተሪየም ይባላል። እንዲህ በክብደት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች አይሶቶፕ ይባላሉ። ሁለቱም ጨረር የላቸውም። ውሃ ሲተን ቀላሉ ይቀድማል፣ ከባዱ ይቀራል። ሲዘንብ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከባዱ ቀድሞ ይወርዳል። ስለዚህ ተኑ እያዘነበ ርቆ በሄደ ቁጥር ይቀላል።

ሐይቁን የምትለዪው ሁለቱን አብረሽ ስትለኪ ነው። ዳንስጎርድ የተባለ ዴንማርካዊ እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው ስሌት አለ። ከዲዩተሪየሙ ቁጥር ላይ የኦክስጅን 18ን ስምንት እጥፍ ትቀንሻለሽ (ቁጥሮቹ ናሙናው ከባሕር ውሃ መለኪያ በሺህ ስንት እንደሚለይ ያሳያሉ)። የዓለም ዝናብ በአማካይ 10 አካባቢ ይሰጣል። ከሐይቅ የተነነ ሲቀላቀልበት ከፍ ይላል። ከቅጠል የሚወጣ ተን ግን ሥሩ የጠጣውን ውሃ ይመስላል፤ ብዙም አይለወጥም።

እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ የአዲስ አበባ ነገር ነው። ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ተኑ ከፍታ ሲወጣ እያዘነበ ስለሚቀል፣ እንደ ደንቡ የዝናቧ ውሃ በአይሶቶፕ ቀላል መሆን ነበረበት፤ ሲለካ ግን ከባድ ነው! በርካታ ተመራማሪዎች ተኑ በኮንጎ ደንና በደቡብ ሱዳኑ የሱድ ረግረግ ሲያልፍ፣ ዘንቦ በዕፅዋት በኩል ተመልሶ ስለሚነሳ ነው ይላሉ።

የአዘዞዋ፦ ታዲያ አጎቴ ተሳስተዋል ልበላቸው?

ጎርጎራ፦ ኧረ በጭራሽ። ጣናም ይተናል፤ ጥያቄው ድርሻው ስንት ነው የሚለው ነው። ለዚያ የዝናቡንም የሐይቁንም ውሃ ክረምቱን ሙሉ መያዝ ያስፈልጋል።

ተፋሰስ፦ ከሰበሰብሽ ዝናቡ እንዳቆመ ወዲያው ቅጂው። ቆይቶ ከተነነ ውጤቱ ይበላሻል። ጠርሙሱን እስከ አፉ ሙይው፣ አየር አይቅርበት፤ ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልይ። ቀኑን በእርሳስ ጻፊ፣ የእስክሪብቶ ቀለም በእርጥብ እጅ ይለቃል። ተኑን በቀጥታ ከአየር ላይ የሚለካ የሌዘር መሣሪያም አለ፤ ለትምህርት ቤት ግን ጠርሙሱ ይሻላል።