ኮሞሮስን የሚያውቅ አለ? ሐምሌ ላይ ልንሄድ እያሰብን ነው

ማሂ የገርጂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐምሌ ላይ እኔና ባለቤቴ እረፍት አለን። ሁሉም ሰው ዛንዚባር ሂዱ ይለናል። ባለቤቴ ግን «እዚያ ሄጄ የመሥሪያ ቤቴን ሰው ከማገኝ ቤቴ ብተኛ ይሻለኛል» ባይ ነው። የሲሼልስን ዋጋ አየንና ዝም ብለን ስልኩን ዘጋን። ከዚያ ካርታ ላይ ኮሞሮስን አገኘ። ሁለታችንም ፈረንሳይኛ አንችልም፣ እኔ ዋናም አልችልም። ፍልሰታ ሳይገባ መመለስ እንፈልጋለን። ቪዛው፣ ገንዘቡ፣ ምግቡ እንዴት ነው? እናቴ ደግሞ ስሙን ስትሰማ «የአውሮፕላኑ አገር?» ብላ ፊቷ ተለዋወጠ።

ሞሮኒ የከረመው፦
እህቴ፣ እኔ ለሥራ ሄጄ እዚያ ከርሜያለሁ። ባልሽ ጥሩ ዓይን አለው። ግን ከአሁኑ ልንገርሽ፣ ኮሞሮስ ሆቴል ውስጥ ተጋድመው ጁስ የሚጠጡበት አገር አይደለም። የምትፈልጉት እሱን ከሆነ ሐዋሳ ይበቃችኋል።

ወሩን አሪፍ መርጣችኋል። እኛ ጋ ሲዘንብ እነሱ ጋ ደረቅና ነፋሻ ነው። የእነሱ ዝናብ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ሐምሌና ነሐሴ ፈረንሳይ የሚኖሩት ልጆቻቸው ለሠርግ የሚገቡበት ጊዜ ነው። «ታላቁ ሠርግ» የሚሉት አለ። ወንዱ በመንደሩ ሸንጎ ቃሉ የሚደመጠው እሱን ሲደግስ ነው። ብዙዎቹ ወልደው ከብደው ነው የሚደግሱት፣ ስንት ዓመት ቆጥበው። ስለዚህ ቲኬትም ማረፊያም ቶሎ ያልቃል፣ ከአሁኑ ያዙ። ሠርግ ከጠሯችሁ ደግሞ እንዳትቀሩ።

ቪዛ እዚያው አየር ማረፊያ ይሰጣል። የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ያዙ። ዩሮ በጥሬው ያዙ፣ ካርድ የሚቀበል ቦታ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንድ ዩሮ ወደ 492 ፍራንካቸው ነው። ከዩሮ ጋር የታሰረ ስለሆነ አይዋዥቅም (በዚህስ ቀንቻለሁ)።

አገሩ ሦስት ደሴት ነው፦ ግራንድ ኮሞር፣ አንዡዋንና ሞሄሊ። ማዮት አራተኛዋ ናት፣ ግን ሌሎቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ነፃ ሲወጡ ከፈረንሳይ ጋር ቀርታለች። የእሷ ቪዛ ሌላ ነው፣ እንዳትምታቱ። ዋና ከተማዋ ሞሮኒ ያለችው ግራንድ ኮሞር ላይ ነው። ከበላይዋ 2,361 ሜትር የሚሆነው የካርታላ እሳተ ገሞራ አለ፤ የባሕሩ ዳርቻም ብዙ ቦታ ጥቁር ድንጋይ ነው።

እኔን ብትሰሙኝ ግን ቀናችሁን ለሞሄሊ ስጡ። ትንሿ ደሴት ናት። ኢትሳሚያ የሚባል መንደር አለ፣ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉበት። ማታ የመንደሩ ሰው ይመራችኋል። ባትሪ አጥፉ ይላል። ጨለማው ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማችሁ የኤሊዋ ትንፋሽ ነው። ከዚያ አሸዋውን በኋላ እግሯ እየዛቀች ትወረውራለች፣ እኔማ አፌ ድረስ ገብቶ አኝኬያለሁ። ጉድጓዱን ስትጨርስ እንቁላሉን ተራ በተራ ትጥላለች፣ ነጭ፣ ክብ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የሚያህል። ከዓይኗ ወፍራም እንባ ይወርዳል። ጨው እያስወጣች ነው እንጂ አታለቅስም። ለዚህ ደግሞ ዋና አያስፈልግሽም።

ወደ ሞሄሊ፣ ግራንድ ኮሞር ላይ ካለችው ከቺንዲኒ ጀልባ አለ። ነፋሱ ከከፋ ግን ጀልባው አይነሳም፣ በቃ። ትንሽ አውሮፕላን ከተገኘ እሱ ይሻላል። ወደ አገር ቤት በምትመለሱበት ዋዜማ ሞሄሊ እንዳታድሩ።

የፒያሳው ጡረተኛ፦
ልጄ፣ እናትሽ አይፈረድባትም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የሚበረው አውሮፕላናችን ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ አይደርስም ቢሏቸው አልሰሙም። ነዳጁ አልቆ እዚያው ግራንድ ኮሞር፣ ሚትሳሚዉሊ ከተማ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰው 50 ብቻ ተረፈ። የአካባቢው ሰውና እዚያ የነበሩ ቱሪስቶች ናቸው በጀልባ ደርሰው ያወጧቸው። ይህንንም ለእናትሽ ንገሪያት። በዚያ በኩል ካለፋችሁ መኪናውን አስቁሙና ነፍስ ይማር በሉልን።

ነርሷ፦
ስለ ወባ ማንም አላነሳም! እዚያ ወባ አለ። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩና መከላከያውን ጀምሩ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ወባ ቀልድ አይደለም። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ።

ማሂ የገርጂዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እናቴ ያሉትን ሳነብላት ዝም ብላ ቆየችና «በሉ ሂዱ» አለች። ምግቡስ? ባለቤቴ ደግሞ ቢራ ይገኛል ወይ ብሎ እያስጠየቀኝ ነው።

ሞሮኒ የከረመው፦
ሩዝ፣ ዓሣ፣ ሙዝ፣ ካሳቫ፣ ሁሉም ነገር ውስጥ ኮኮናት። ማታባ የሚሉትን ቅመሱ፣ የካሳቫ ቅጠል ተወቅጦ በኮኮናት ወተት ይበስላል፣ ጎመን ለለመደ አይከብድም። ቫኒላው የአገሩ ስለሆነ ሎብስተር ላይ ሳይቀር ያደርጉታል። እኔን አልጣመኝም፣ ሌላው ሰው ግን ሲያደንቀው ነው የሰማሁት። ቢራ አንዳንድ ሆቴል ይገኛል። የሙስሊም አገር ነው፣ ደጅ ይዞ እንዳይወጣ ንገሪው።

ማሂ የገርጂዋ፦
ነግሬዋለሁ 😄 ሠርግ ከጠሩን ምን ይለበሳል?

ሞሮኒ የከረመው፦
የአበሻ ቀሚስሽን ያዢ፣ ነጠላውንም አትርሺ። ባልሽ ረጅም ሱሪ ይያዝ። ቁምጣ ባሕር ዳር ብቻ ነው።