0.8 በ0.7 ሲባዛ 0.56 ሆኖ ሳለ መልሱ ለምን 0.94 ተባለ? (አስቸኳይ)

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ታናሽ ወንድሜ ነገ ጠዋት በ2፡30 የሒሳብ ፈተና ስላለበት እባካችሁ ፈጥናችሁ አስረዱን። በመለማመጃ ወረቀቱ ላይ ከደብረ ሲናና ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጡ ሁለት አውቶቡሶች በሰዓቱ የመድረስ ዕድላቸው በቅደም ተከተል 0.8 እና 0.7 እንደሆነ ተጽፏል። አንዱ በሌላው የማይወሰን በመሆኑ አባዝተን 0.56 አገኘን፤ የመልሱ ገጽ ግን 0.94 ይላል። የኅትመት ስሕተት ነው ብለን እንለፈው?

አባል 1፦
የማይወሰኑ ክስተቶች ከሆኑ ይባዛሉ። 0.56 ትክክል ነው።

ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፦
ማባዛት ከመጀመራችን በፊት የተጠየቀውን እናንብብ። የሒሳብ ሊቁ ፓስካል በ1654 እ.ኤ.አ. ለሌላው የሒሳብ ሊቅ ለፌርማ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ዳይ (ከ1 እስከ 6 ቁጥር ያለበት መጫወቻ) 4 ጊዜ ሲጣል ቢያንስ አንድ ጊዜ 6 የመውጣቱ ነገር ተነሥቷል። ስሌቱ የሚቀለው 6 ፈጽሞ የማይወጣበትን፣ ማለትም ሊወጡ ከሚችሉት 1296 ውጤቶች ውስጥ 625ቱን፣ ቀንሶ 671ን በማግኘት ነው። የእርስዎ ወረቀት የሚጠይቀው ሁለቱም እንዲደርሱ ነው ወይስ ቢያንስ አንዱ?

ጠያቂ፦
«ቢያንስ አንዱ» ይላል፣ መምህር። ለውጥ የሚያመጣ ስላልመሰለኝ ሳልጽፈው ቀረሁ።

አባል 1፦
አሁንም ማባዛት ነው።

ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፦
ማባዛቱስ ማባዛት ነው፤ የሚባዛው ግን የመዘግየቱ ዕድል ነው። የመጀመሪያው 0.2፣ ሁለተኛው 0.3 የመዘግየት ዕድል ስላላቸው ሁለቱም የሚዘገዩበት 0.06 ነው፤ ከ1 ሲቀነስ 0.94 ይሆናል። ወንድምዎ ማረጋገጥ ከፈለገ አንዱ ብቻ የሚደርስበትን ያስላ፦ 0.8 በ0.3 እና 0.2 በ0.7 ተደምረው 0.38 ይሰጣሉ፤ በዚያ ላይ ሁለቱም የሚደርሱበት የእናንተ 0.56 ሲታከል ያው 0.94 ነው።

ሹፌር፣ ከደብረ ሲና፦
እኔ ግን ከጥያቄው መነሻ ጋር አልስማማም። ሁለቱም አውቶቡሶች ከጣርማ በር ወዲህ የሚሄዱት በአንድ መንገድ ነው፤ ጉሙ በደጋው ላይ ሲተኛ አንዱን ብቻ ለይቶ አያዘገይም። ታዲያ እንዴት አንዱ በሌላው አይወሰንም ይባላል?

ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፦
ወንድሜ፣ ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ጥያቄ ነው። በጉሙ ምክንያት የደብረ ሲናው በዘገየ ቁጥር የመሐል ሜዳውም የሚዘገይ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም የሚዘገዩበት ዕድል 0.06 መሆኑ ቀርቶ 0.2 ይሆን ነበር፤ መልሱም ወደ 0.8 ይወርዳል። ማባዛት የሚፈቀደው የአንዱ መድረስ ወይም መዘግየት የሌላውን ዕድል የማይለውጥ ሲሆን ብቻ ነው። ወረቀቱ «አይወሰኑም» ብሎ ከሰጠ ግን ተማሪው በተሰጠው ይሠራል።

አባል 2፦
እህቴ፣ ወንድምሽ ፈተናው ላይ «ቢያንስ» የሚለውን ቃል ሲያይ ያስምርበት። ከቻልሽ ደግሞ ዛሬ ማታ በሦስት አውቶቡሶች አንድ ጥያቄ ሠርቶ ይሞክር፤ ሦስተኛው የመድረስ ዕድሉ 0.5 ቢሆን መልሱ 0.97 መሆን አለበት።