ጋላክሲ ኮከብ መሥራት የሚያቆመው ምን ሲነካው ነው?

ማታ ጠባቂ
ሰላም ቤተሰብ። ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ስላየው አንድ ጋላክሲ ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የፓብሎ ጋላክሲ ይሉታል። ዩኒቨርስ ገና 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆነው የነበረ ነው። የፀሐይን 200 ቢሊዮን እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ግን ኮከብ መሥራቱን ከሞላ ጎደል ትቶታል። የኛው ጋላክሲ ሚልኪ ዌይ እኮ እስከ ዛሬ በዓመት አንድ ሁለት ፀሐይ የሚያህል ኮከብ ይሠራል! ያ ታዲያ በልጅነቱ ምን አገኘው? ጋዙ አልቆበት ነው? ደግሞስ ይህን ያህል ርቆ፣ ማቆሙን በምን አወቁ?

ሰማያዊ ኮከብ
ከመጨረሻው ልጀምርልህ። ትልልቆቹ ኮከቦች ሰማያዊ ናቸው፣ ነዳጃቸውን ቶሎ ይጨርሳሉ፣ ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ቢኖሩ ነው። ትንንሾቹ ቀላ ያሉት ግን ቢሊዮን ዓመታት ይቆያሉ። አዲስ ካልተወለደ ሰማያዊዎቹ አልቀው ቀዮቹ ብቻ ይቀራሉ። በእርግጥ ርቀቱ ራሱ ብርሃኑን ያቀላዋል፤ ስለዚህ በቀለም ብቻ አይፈርዱም። ብርሃኑን ወደ ቀለማቱ በትነው፣ አዳዲስ ኮከቦች ዙሪያቸውን ሲያግሉ ሃይድሮጅን የሚያወጣውን ደማቅ መስመር ይፈልጋሉ፤ እሱ ከደከመ ወይም ከሌለ ኮከብ መወለዱ ቆሟል ማለት ነው።

የጀበና ጭስ
ወንድሜ፣ ጋዝ ስላለ ብቻ ኮከብ አይወለድም። መቀዝቀዝ አለበት፣ ያውም ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ገደማ። የድስት ክዳን ስትከፍት አይተህ ከሆነ፣ እንፋሎቱ ትኩስ እያለ ይበተናል፣ ክዳኑ ላይ ሲቀዘቅዝ ነው ተሰብስቦ ጠብ ጠብ የሚለው። ጋዝም እንደዚያው ነው፤ ካልበረደ ስበት ሊሰበስበው አይችልም።

ኤም 87 የሚባለውን ጋላክሲ ውሰድ፣ 54 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 ፎቶው የወጣው ብላክ ሆል (ስበቱ ብርሃን እንኳ የማያስመልጥ አካል) ያለው እሱ ውስጥ ነው፣ 6.5 ቢሊዮን ፀሐይ ያህላል። ዙሪያውን የከበበው ጋዝ ብዙ ነው፣ ግን በአስር ሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ! ሊበርድ ሲል ከብላክ ሆሉ አካባቢ የሚወረወረው ጅረት መልሶ ያሞቀዋል። ጅረቱ ብቻውን ወደ 5,000 የብርሃን ዓመት ይረዝማል። የፓብሎው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ ቀዝቃዛው ጋዝ ራሱ በብላክ ሆሉ ኃይል በሰከንድ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተገፋ ይወጣል። አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ማለት ነው። ከጋላክሲው ስበት ለማምለጥ ይበቃል። እኔን የሚገርመኝ፣ ብላክ ሆሉ የሚበላው ያንኑ ጋዝ መሆኑ ነው።

ማታ ጠባቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የድስቱ ነገር ገባኝ። ሁሌ ጥፋተኛው ብላክ ሆል ነው ማለት ነው?

ሰማያዊ ኮከብ
አይደለም። ብዙ ጋላክሲዎች የተሰበሰቡበት ቦታ የሚወድቅም አለ። እዚያ መሃሉን የሞላ ትኩስ ጋዝ አለ፤ እሱን ሰንጥቆ ሲያልፍ የራሱ ጋዝ ተገፎ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ነፋስ ላይ ስትሮጥ ነጠላህ ከትከሻህ እንደሚወሰደው። ኢኤስኦ 137-001 የሚባለውን ጋላክሲ ፎቶ ፈልግና እየው፣ ሰማያዊ ጭራ እየጎተተ ነው። በጭራው ውስጥ የተገፈፈው ጋዝ ኮከብ እየወለደ ነው፣ ከቤቱ ወጥቶም ቢሆን።