ከሜልበርን ወደ ወርቅ ከተሞቹና ወደ ኢቹካ፦ ለሦስት ቀን ጉዞ ጥቆማ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከሜልበርኑ ፉትስክሬይ ሰፈር ተነስተን በባላራት፣ ዴልስፎርድና ቤንዲጎ አድርገን ኢቹካ ድረስ በሦስት ቀን ደርሰን ልንመለስ ነው። አራት አዋቂና ሁለት ልጆች ነን፣ አንዷ ጿሚ ናት። መኪና፣ ማደሪያ፣ ሲም ካርድ፣ ለልጆች የሚሆን ቦታና ምግብ ጠቁሙን።

መልስ፦ መንገዱ በሙሉ አስፋልት ነው፤ ለፎር ዊል ድራይቭ ገንዘብ አታውጡ። ሰባት ሰው የሚይዝ ተራ መኪና ይበቃችኋል። እስከ ባላራት 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ዴልስፎርድ 45፣ ካስልሜን 40 ገደማ፣ ቤንዲጎ ሌላ 40፣ ኢቹካ 90። ስትመለሱ በሂትኮት በኩል ኑ፣ 210 ገደማ ነው።

ኪራዩን ስታወዳድሩ የቀን ዋጋውን ብቻ አትዩ። አደጋ ቢደርስ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ስንት እንደሆነ፣ የጠጠር መንገድ መከልከሉን፣ ከከተማ ውጪ በሌሊት ከእንስሳ ጋር የሚደርስ ግጭት መሸፈኑን ጠይቁ። በርካሽ ውል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቀረው የመጨረሻው ነው። ካንጋሮ ፀሐይ ስትጠልቅና ጎህ ሲቀድ መንገድ ዳር ይወጣል፤ ከአስፋልቱ የሚወርደው ዝናብ ዳሩን ስለሚያለመልመው ሣሩ እዚያ ይሻላል። ድንገት ቢገባባችሁ መሪ አትጠምዝዙ፣ ቀጥ ብላችሁ ፍሬን ያዙ። ብዙ መኪና የሚገለበጠው ለማምለጥ ሲታጠፍ ነው። ከ11 ሰዓት በፊት ማደሪያችሁ ድረሱ፤ በክረምት እንዲያውም ቀደም በሉ።

መልስ፦ ለሲም፣ በዋና ዋናዎቹ ከተሞች ሁሉም ይሠራል። በከተሞቹ መካከል ግን ቴልስትራ የሚባለው የስልክ ኩባንያ ሽፋን ይሰፋል። ርካሹ መንገድ ቡስት የሚባለው ሲም ነው፣ ሙሉውን የቴልስትራ ኔትወርክ ይጠቀማል። ከአገር ቤት የመጣ የቆየ ስልክ ያለው ሰው ካለ ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ 3ጂ በ2024 መጨረሻ ስለተዘጋ በ4ጂ ድምፅ የማያስተላልፍ ስልክ የአደጋ ጊዜ ቁጥር 000 እንኳ አይደውልም። ካርታውንም ከቤት አውርዱት።

መልስ፦ ስድስት ሰው ከሆናችሁ በካራቫን ፓርክ (የመንገደኛ ማረፊያ ግቢ) ውስጥ ያለ ካቢን፣ ማለትም ትንሽ ቤት፣ ከሁለት የሞቴል ክፍል ይሻላል፤ ማብሰያ አለው። ርካሾቹ ካቢኖች አንሶላና ፎጣ ላይጨምሩ ስለሚችሉ ጠይቁ። ከፐብ (መጠጥ ቤት) በላይ ያሉት ክፍሎች ርካሽ ናቸው፣ ግን ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ጫጫታው ልጅ አያስተኛም። የገጠር ማደሪያ ቢሮ ማታ በጊዜ ይዘጋል፤ ከዘገያችሁ የቁልፍ ሳጥኑን ኮድ በስልክ ተቀበሉ። በፋሲካቸው ሰሞን ቤንዲጎ በበዓል ትሞላለች፣ ያኔ ከሆነ ከወራት በፊት ያዙ።

መልስ፦ ለልጆች ባላራት ያለው ሶቨሪን ሂል (እንደ ድሮው የወርቅ ቆፋሪዎች መንደር የተሠራ ሙዚየም) እና ቤንዲጎ ያለው ሴንትራል ዴቦራ ይወዳደራሉ። በጀቱ ለአንድ ብቻ ከሆነ እኔ ሶቨሪን ሂልን እመርጣለሁ። ቢያንስ አምስት ሰዓት ያዙለት። ልጆቹ ወንዙ ዳር ወርቅ ያጥባሉ፤ ጠጠሩን እስከ ሳህኑ ሲሶ ብቻ ሙሉ፣ ውሃ ውስጥ አግድም አጥብቃችሁ ነቅንቁ፣ ከዚያ ዘንበል አድርጋችሁ የላዩን አሸዋ ቀስ እያላችሁ እጠቡ። ሳይነቀንቁ የሚያዘነብሉ ወርቁን ከአሸዋው ጋር ይደፉታል፤ ከባድ ነውና መጀመሪያ ወደ ሥር መውረድ አለበት። ሴንትራል ዴቦራ እውነተኛ የወርቅ ማውጫ ጉድጓድ ነው፣ መደበኛው ጉብኝት 61 ሜትር ይወርዳል። ሽፍን ጫማ ግድ ነው፣ ቦታም ቀድሞ መያዝ አለበት።

ኢቹካ ላይ ፔቨንዚን ምረጡ። በ1911 የተሠራች ጀልባ ናት፣ እንፋሎቷ አሁንም በእንጨት ይነዳል፤ ማገዶ ሲጨመርባት ልጆቹ ያያሉ።

መልስ፦ ፐብ ገብታችሁ የዶሮ ፓርማ (ቺዝ የተደረገበት የዶሮ ጥብስ) ካዘዛችሁ ከቺዙ ሥር ሃም፣ ማለትም የአሳማ ሥጋ፣ ሊኖረው ይችላል። «ያለ ሃም» ብላችሁ ንገሩ። ለጿሚዋ ድንች ጥብሱ እንኳ አንዳንድ ቦታ በበሬ ጮማ ስለሚጠበስ በምን ዘይት እንደሆነ ትጠይቅ። እንጀራና ሽሮ ከፉትስክሬይ ይዛችሁ ብትወጡ ይሻላል፤ በካቢኑ ምድጃ ይሞቃል። የፐብ ወጥ ቤት ማታ 2 ሰዓት ገደማ ሊዘጋ ይችላል።

መልስ፦ ቡና ለማፍላት ከሰል ልትይዙ ካሰባችሁ፣ በበጋ ጠዋት ጠዋት ቪክ ኢመርጀንሲ የሚባለውን የቪክቶሪያ ግዛት የአደጋ ማስጠንቀቂያ መተግበሪያ እዩ። ሙሉ የእሳት ክልከላ በታወጀ ቀን ደጅ ላይ ከሰል ማቀጣጠል ወንጀል ነው፣ በትንሽ ምድጃም ቢሆን። በሌላውም ቀን በእሳት ወቅት ነፋሱ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ዙሪያው 3 ሜትር እንዲጸዳ፣ 10 ሊትር ውሃ አጠገባችሁ እንዲኖር ያስፈልጋል። ብዙ መናፈሻዎች ውስጥ በነፃ የሚሠራ የኤሌክትሪክ መጥበሻ ታገኛላችሁ፤ ለጀበናው ግን ጠፍጣፋ ብረቱ ላይ ሙቀት ስለማይደርሰው ድስት ተጠቀሙ።

መልስ፦ ማንም ያላነሳውን ልጨምር፦ ዴልስፎርድ አጠገብ ሄፕበርን ስፕሪንግስ። ከመሬት የሚወጣው ውሃ በተፈጥሮው ጋዝ አለው፣ አምቦ ውሃ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በእጅ ፓምፕ በነፃ ይቀዳል። የአንዱ ምንጭ ጣዕም ከሌላው ስለሚለይ ጠርሙስ ከመሙላታችሁ በፊት ከየፓምፑ ቅመሱ፤ ከመጠጣታችሁ በፊት ምልክቱን አንብቡ። ብረት የበዛበት ውሃ ክፍት ሲቆይ ይደፈርሳል፣ ጋዙም ይጠፋል። ስለዚህ ጠርሙሱን እስከ አፉ ሙሉና ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉ፣ በዚያው ቀን ጠጡት።